ኤሌክትሮላይዘርን ዝገት የሚበላው ሲቆም ነው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

የህዳሴ ግድብ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ በታዳሽ ኃይል ከውኃ ስለሚወጣው አረንጓዴ ሃይድሮጅን የሚጻፈው በዝቷል፤ መብዛቱም ደግ ነው። 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ግድብ ይዘን ከሃይድሮጅኑ ለማዳበሪያ የሚሆነውን አሞኒያ በራሳችን ውኃና ኃይል ለምን አንሠራም ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ቅር የሚያሰኘኝ ጽሑፎቹ ውኃን በኤሌክትሪክ ወደ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን የሚከፍለውን ማሽን በአንድ ዓረፍተ ነገር ማለፋቸው ነው፦ ኤሌክትሮላይዘር ይገዛል፣ ይተከላል፣ ሃያ ዓመት ይሠራል። ውስጡ ያለው ብረት ምን ዓይነት እንደሆነ፣ ምን እንደሚበላውና መቼ እንደሚበላው የሚጠይቅ አላየሁም። መቼ የሚለው ደግሞ ዋናው ነው። ማሽኑን ዝገት አብዝቶ የሚጎዳው በሥራ ላይ እያለ አይደለም፤ ሲቆም ነው። መብራት ሄድ መጣ በሚልበት አገር ይህ በዋዛ የሚታለፍ ጉዳይ አይደለም።

ልኩን ለመጨበጥ ያህል ጥቂት ቁጥር ላስቀምጥ። አንድ ኪሎ ሃይድሮጅን ለማውጣት 9 ሊትር ንጹሕ ውኃና ከ50 እስከ 55 ኪሎ ዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ያስፈልጋል። የ1 ሜጋ ዋት ማሽን እንግዲህ በሰዓት ወደ 19 ኪሎ ይሰጣል። ረጅም ዕድሜ ያስቆጠረው ዓይነት አልካላይን የሚባለው ሲሆን፣ ውስጡ ከ25 እስከ 30 በመቶ ፖታሺየም ሃይድሮክሳይድ ያለበትና ከ70 እስከ 90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሞቀ ፈሳሽ ይዞርበታል። ይህ ፈሳሽ ቆዳን ያቃጥላል፤ አሉሚኒየምንና ዚንክን ይበላል። በየሱቁ የምናገኘው ጋልቫናይዝድ ቱቦ በማሽኑ ዙሪያ ቦታ የለውም፤ ዚንኩ ራሱ ሃይድሮጅን እያፈላ ሟሙቶ ያልቃል። ተራውንም ብረት ሙቀቱና የፈሳሹ ጥንካሬ ሲጨምር ይደፍረዋል። ኒኬል ግን ፊቱ ላይ ስስ ሽፋን አበጅቶ ይቋቋመዋል። የአልካላይን ማሽን ኤሌክትሮዶች ኒኬል ወይም ኒኬል የተለበጠ ብረት የሆኑት ለዚህ ነው።

አሁን ወደ መቆሙ ልምጣ። ማሽኑ በሥራ ላይ እያለ ካቶዱ፣ ማለትም ሃይድሮጅን የሚወጣበት ፊት፣ የመስመሩን ኤሌክትሪክ ወደ ቀጥተኛ ጅረት ከሚቀይረው ሬክቲፋየር ያለማቋረጥ ኤሌክትሮን ይቀበላል። ብረት የሚዝገው ኤሌክትሮን ሲሰጥ ነውና፣ ኤሌክትሮን እየጎረፈለት ያለ ብረት አይዝግም። የድሮ ፋብሪካዎች ካቶዱን ከተራ ብረት ሠርተው ለዓመታት ያስኬዱት በዚህ ጥበቃ ነው። ኦክስጅን የሚወጣበት አኖዱም ኒኬል እስከሆነ ድረስ የኦክሳይድ ሽፋኑን እንደያዘ ይኖራል። ጠባቂው እንግዲህ ጅረቱ ራሱ ነው፤ ጅረቱ በተቋረጠ ቅጽበት ጥበቃውም አብሮ ይቋረጣል።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ባልከፋ። ማሽኑ ብዙ ሴሎች ተደርድረው በረጃጅም ብሎኖች የታሰሩበት ነው። በሁለት ሴሎች መካከል ያለው ባይፖላር ፕሌት በአንድ ፊቱ አኖድ፣ በጀርባው ካቶድ ነው። በአኖዱ ፊት ላይ ኒኬሉ ወደ ኒኬል ኦክሲሃይድሮክሳይድ ተለውጧል፤ ይህ በኒኬል ካድሚየም ባትሪ ፖዘቲቭ ጫፍ ላይ ያለው ቁስ ነው። በጀርባው ሃይድሮጅን አለ። ሁለቱ ፊቶች በብረቱ ተገናኝተዋል፤ ለሁሉም ሴል ፈሳሽ በሚያከፋፍለው የጋራ ቦይ በኩል ደግሞ በፈሳሹ ይገናኛሉ። ስለዚህ ሬክቲፋየሩ ሲጠፋ ያ ሁሉ የሴል ድርድር ባትሪ ሆኖ በቦዩ በኩል ራሱን ያፈስሳል፤ ጅረቱም ከቀድሞው በተቃራኒ አቅጣጫ ይሄዳል። ሲጠበቅ የኖረው ካቶድ ኤሌክትሮን ሰጪ ሆኖ ቁጭ ይላል። መጀመሪያ ፊቱ ላይ የቀረው ሃይድሮጅን ያልቃል፤ ቀጥሎ ተራው የኒኬሉ ይሆናል። በመጀመሪያ የሚፈጠረው ስስ የኒኬል ሃይድሮክሳይድ ማሽኑ ሲነሣ ተመልሶ ኒኬል ይሆናል። መቆሙ ሲረዝምና ሲደጋገም ግን በቀላሉ ወደማይመለሰው ዓይነት ይለወጣል። ያን ጊዜ ካቶዱ የሚሠራበት ፊት እየጠበበ፣ ለዚያው ሃይድሮጅን የሚጠየቀው ቮልት እየጨመረ ይሄዳል። የመብራት ወጪው ከፍ ሲል የሚያስተውለው የሒሳብ ክፍሉ እንጂ ብረቱን የሚመለከተው ሰው አይደለም፤ ማሽኑ ከውጭ ሲታይ ምንም አልሆነም።

ዛሬ «ብቃታቸው ከፍተኛ ነው» ተብለው የሚሸጡት ማሽኖች ለዚህ ይበልጥ ስሱ ናቸው። ብዙዎቹ ካቶዱን በሬኒ ኒኬል ወይም በኒኬልና ሞሊብደነም ቅልቅል ይለብጡታል። ሬኒ ኒኬል የሚሠራው ኒኬልና አሉሚኒየም ከተዋሃዱ በኋላ አሉሚኒየሙን በአልካሊ አጥቦ በማውጣት ነው፤ የሚቀረው ቀዳዳው የበዛ ኒኬል ፊቱ ሰፊ ስለሆነ ቮልት ይቆጥባል። ያ ሰፊ ፊት ጅረቱ ሲገለበጥ የተጋለጠ ሰፊ ፊት ነው። ሞሊብደነሙም ጥበቃውን ሲያጣ በሙቁ ፈሳሽ ውስጥ ይሟሟል። በእኔ አስተያየት ኃይል በሚቆራረጥበት ቦታ ከዚህ ዓይነቱ ቅብ ይልቅ ቮልት በጥቂቱ የሚያባክን ቅብ የሌለው የኒኬል መረብ መግዛት የተሻለ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ሻጭ ግን ይህን አይነግርም።

«ታዲያ ሌሎች ስንት ዘመን ሲሠሩበት ኖረው የለ?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው። ኖርስክ ሃይድሮ በኖርዌይ ሪዩካን ከ1920ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በፏፏቴ ኃይል ሃይድሮጅን ለማዳበሪያ አውጥቷል። ግብፅም በዚሁ በዓባይ ላይ፣ በአስዋን ኃይል ሃይድሮጅን እያወጣ የናይትሮጅን ማዳበሪያ ይሠራ የነበረውን ኪማ የተባለ ፋብሪካ በ1960 (እ.ኤ.አ.) አካባቢ ሥራ አስጀምራለች፤ በጊዜው በዓለም ላይ ከነበሩት ትልልቆች አንዱ ነበር። ሁለቱም ግን ከውኃ ኃይል ማመንጫ አጠገብ ቋሚ ኃይል እንዲያገኙ ታስበው የተተከሉ ናቸው። በእኛ ጋዜጦች የሚቀርበው ሐሳብ የተለየ ነው፦ ትርፍ ኃይል ሲኖር ይሥራ፣ የከተማው ፍላጎት ሲንር ይቁም። በየምሽቱ አንድ ጊዜ ቢቆም እንኳ በዓመት 365 ጊዜ ነው፤ ድንገተኛውን መጥፋት ሳንቆጥር። ሐሳቡ በኤሌክትሪክ ሒሳብ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ በብረቱ ሒሳብ ግን ማንም አላሰላውም።

መፍትሔው የታወቀ ነው፤ ውድም አይደለም፤ ቀድሞ በጨረታ ሰነዱ ውስጥ ካልገባ ግን ማንም በነጻ አይሰጥም። አንደኛው ትንሽ የመጠበቂያ ሬክቲፋየር ነው። ዋናው ሲቆም ወዲያው ተረክቦ እያንዳንዱ ሴል ከ1.23 ቮልት በታች እንዳይወርድ ጥቂት ጅረት ያሳልፋል። 100 ሴል ያለው ድርድር በሴል 1.5 ቮልት ይዞ 10 አምፒር ቢያሳልፍ 1.5 ኪሎ ዋት ነው፤ ከሜጋ ዋቱ አንጻር ኢምንት። ነገር ግን ይህ ሬክቲፋየር ከዋናው መስመር የሚመገብ ከሆነ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋልና ፋይዳ የለውም፤ በባትሪና በትንሽ ጄነሬተር መደገፍ አለበት። በኦክስጅን መስመሩ ላይ ያለው የሃይድሮጅን መለኪያም ከዚያው ባትሪ መመገብ አለበት። ምክንያቱም ጅረቱ ሲያንስ የሚወጣው ኦክስጅን ይቀንሳል፤ ሁለቱን ጋዞች በሚለየው ዲያፍራም በኩል የሚሾልከው ሃይድሮጅን ግን በዚያው ልክ አይቀንስም፤ ድርሻው ከፍ ይላል። በኦክስጅን ውስጥ 4 በመቶ ገደማ ሲደርስ የሚፈነዳ ድብልቅ ይሆናል፤ 2 በመቶ ላይ ማሽኑ ራሱን እንዲያጠፋ የሚደረገውም ለዚህ ነው። ብረቱን ለማዳን ሲባል ፍንዳታ መጋበዝ አይገባም።

ሁለተኛው የፈሳሹ ጉዳይ ነው። ማሽኑ ቆሞ ፓምፑ ከቀጠለ፣ በኦክስጅን በኩል ያለፈው ፈሳሽ ኦክስጅን ተሸክሞ ወደ ካቶዱ ይመላለሳል፤ ባትሪ የሆነውን የሴል ድርድርም በየጊዜው ይመግበዋል። ሙቀቱም ሁሉንም ያፋጥናል። ስለዚህ ማቀዝቀዝ፣ ፓምፑን ማቆም፣ በሁለቱም መስመር ናይትሮጅን ማሳለፍ። ለሳምንታት የሚቆም ከሆነ ፈሳሹን አፍስሶ የጋራውን ቦይ ማድረቅ ባትሪው የሚፈስበትን መንገድ ይዘጋል። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ፦ ሬኒ ኒኬል ያለበትን ድርድር አፍስሶ ለአየር መተው አደጋ ነው፤ የደረቀ ሬኒ ኒኬል አየር ሲነካው በራሱ ይቀጣጠላል። በናይትሮጅን ሞልቶ መዝጋት ነው። አምራቹ የጋራ ቦዩን ወደ ሴሉ የሚያገናኙትን መግቢያዎች ረጅምና ጠባብ አድርጎ ከሠራም የሚገለበጠው ጅረት ይዳከማል፤ ሥዕሉን አይቶ መጠየቅ ይቻላል።

ሦስተኛው ወረቀት ነው። የሴል ድርድሩ ዋስትና አብዛኛውን ጊዜ በሥራ ሰዓት ይጻፋል፤ 60,000 ወይም 80,000 ሰዓት ይባላል። በዚያ ውስጥ ስንት ጊዜ መቆምና መነሣት እንደተፈቀደ አንቀጽ ይፈለግ፤ ከሌለ ይጨመር። የእያንዳንዱ ሴል ቮልትም በየዕለቱ እንዲመዘገብ ይደረግ። የድርድሩን ጠቅላላ ቮልት ብቻ ማየት የአንድ ሴል መታመም በመቶው አማካይ ውስጥ ተሸፍኖ እንዲያልፍ ያደርጋል።

ልባጡን በተመለከተ ብዙ ማለት ይቻላል። ኒኬል የተለበጠ ብረት ከጥሩ ኒኬል ይረክሳል፤ ደካማ ጎኑ ግን ቀዳዳ ነው፤ ዓይን የማያየው የመርፌ ጫፍ ታህል። በአኖዱ በኩል በዚያች ቀዳዳ ሥር ያለው ብረት ለብቻው ይበላል፤ ልባጡን ከሥር እየቦረቦረ ይሄዳል፤ የሟሟውም ብረት በፈሳሹ ተጉዞ ካቶዱ ላይ ጥቁር ልቅ ዝቃጭ ሆኖ ይከመራል። ዝቃጩ ዲያፍራሙን ይደፍናል። (ልብ በሉ፣ በአኖድ ላይ ከኒኬል ጋር የተዋሃደ ትንሽ ብረት ኦክስጅኑ በቀላሉ እንዲወጣ ይረዳል፤ ችግሩ ያልታሰበውና ቦታውን የሳተው ብረት ነው።) ፕሌቶቹ ሲረከቡ መፈተሽ የሚቻልበት ርካሽ ዘዴ አለ። ፖታሺየም ፌሪሲያናይድና የገበታ ጨው በንጹሕ ውኃ ይሟሟሉ፤ ነጭ የማጣሪያ ወረቀት ነክሮ በደንብ ከስብ በጸዳ ልባጥ ላይ ማጣበቅና ለጥቂት ደቂቃ መጠበቅ ነው። ከሥሩ ብረት የተጋለጠበት ነጥብ ሁሉ በወረቀቱ ላይ ሰማያዊ ሆኖ ይወጣል። የሚወጣውም በብዛት በጠርዙ፣ በብሎን ቀዳዳዎች አፍና በብየዳ መስመሮች ላይ ነው፤ ወረቀቱ መጀመሪያ እዚያ ይለጠፍ። ከፈተናው በኋላ ጨው እንዳይቀር በንጹሕ ውኃ ደጋግሞ ማጠብ ግድ ነው።

ማሽኑ ሥራ ከጀመረ በኋላ ደግሞ ፈሳሹ ራሱ ይናገራል። በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ጓንትና የዓይን መከለያ ተደርጎ፣ ጥርት ባለ ፕላስቲክ ጠርሙስ ናሙና ወስዶ ነጭ ወረቀት ላይ ማስቀመጥ ነው። ደህናው ፈሳሽ እንደ ውኃ ጥርት ያለ ነው። ቡናማ ደለል ካለው ብረት እየተበላ ነው። ሐምራዊ ቀለም ካየን ብረት ከአኖድ ጋር በቀጥታ ተገናኝቶ ፌሬት ወደሚባለው ጨው እየተለወጠ ነው፤ ልባጡ አንድ ቦታ ላይ ተልጧል ማለት ነው። ቢጫ ከሆነ ከአይዝጌ ብረት ክሮሚየም እየወጣ ነው። ቱቦዎቹና ታንኩ ከተራ ብረት ከሆኑ የብየዳው አካባቢ በሙቅ አልካሊ ውስጥ ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ዝገት ሳያሳይ ነው የሚሰነጠቀው። ብየዳው ካለቀ በኋላ ወደ 600 ዲግሪ አሙቆ ቀስ አድርጎ ማቀዝቀዝ በውስጡ የቀረውን ውጥረት ያላላል፤ በየወርክሾፑ ለችኮላ ሲባል የሚዘለለው ሥራ ይኸው ነው።

ስለ ውኃ የሚባለው «ንጹሕ ይሁን» ብቻ ስለሆነ በቁጥር ላሳይ። የ1 ሜጋ ዋቱ ማሽን በቀን ወደ 4,000 ሊትር ውኃ ይበላል። ውኃው ይሄዳል፤ በውስጡ የነበረው ጨው ግን እዚያው ይቀራል። በሊትር 1 ሚሊ ግራም ክሎራይድ ብቻ ቢኖር በቀን 4 ግራም፣ በዓመት ወደ አንድ ኪሎ ተኩል ይከማቻል። 2,000 ሊትር ፈሳሽ በሚይዝ ማሽን ውስጥ ያ በሊትር ከ700 ሚሊ ግራም በላይ ነው። ክሎራይድ ደግሞ የአይዝጌ ብረትንም የኒኬልንም ሽፋን በነጥብ በነጥብ እየበሳ የሚገባ ነው፤ በጋስኬት ሥርና በብሎን ጥርስ መሃል፣ ፈሳሹ በማይዘዋወርበት ጥግ ይጀምራል። የቧንቧ ውኃን በክሎሪን ስለምናክም የማጣሪያው አሠራር መፈተሽ ያለበት ሲተከል ብቻ አይደለም፤ በውስጡ ጨውን የሚይዘው ሬዚን ሲያረጅም ነው። በስምጥ ሸለቆ ያለው የከርሰ ምድር ውኃ ደግሞ ፍሎራይድ የሚበዛበት ነው፤ በእንፋሎት ኃይል ጣቢያዎች አጠገብ ሃይድሮጅን ይመረት የሚሉ ይህን ከወዲሁ ይያዙት። በተለይ የሚገዛው ማሽን ፔም የሚባለው ዓይነት ከሆነ።

ስለ ፔም በአጭሩ። ይህኛው አልካሊ የለውም፤ በንጹሕ ውኃና አሲዳዊ ጠባይ ባለው ስስ ገለፈት (ሜምብሬን) ይሠራል። አኖዱ ከ1.8 ቮልት በላይ በአሲድ ውስጥ ስለሚቀመጥ ካርቦን ተቃጥሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል፤ ብረትም ኒኬልም ይሟሟሉ። የሚቋቋመው ቲታኒየም ነው። ቲታኒየምም ራሱን የሚያድነው ኦክሳይድ በመልበስ ነው፤ ያ ኦክሳይድ ግን ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፤ በወፈረ ቁጥር ቮልት ይበላል። ስለዚህ መገናኛ ፊቱ በስስ ፕላቲነም ይለበጣል። በሃይድሮጅን በኩል ያለው ቲታኒየም ደግሞ ሃይድሮጅን እየጠጣ ይሰባበራል። ሜምብሬኑ ሲያረጅ ፍሎራይድ ይለቅቃል፤ ፍሎራይድ የቲታኒየምን ሽፋን ከሚያፈርሱ ጥቂት ነገሮች አንዱ ነው። ከውጭ ከአይዝጌ ቱቦ የመጣች ቅንጣት ብረት ደግሞ ሜምብሬኑ ውስጥ ከሚፈጠረው ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ጋር ተገናኝታ ሜምብሬኑን የሚቆራርጡ ራዲካሎች ትፈጥራለች፤ ፍሎራይዱን ይበልጥ ታስወጣለች። አንዱ ሌላውን እየጎተተ የሚሄድ ነገር ነው። የሚዞረው ውኃ ኤሌክትሪክ የማሳለፍ አቅም (ኮንዳክቲቪቲ) ከ1 ማይክሮ ሲመንስ በሴንቲ ሜትር ማለፍ የለበትም፤ ከ0.1 በታች ቢሆን ይመረጣል። ለዚህ በዙር ውኃው ላይ የሚገጠመው የአኒየን ሬዚን ከ60 ዲግሪ በላይ ሙቀት ስለማይችል ውኃው ወደ ሬዚኑ ከመግባቱ በፊት መቀዝቀዝ አለበት። ማቀዝቀዣው ተዘንግቶ ሬዚኑ ራሱ የተበላሸበት ተከላ እንግዳ ነገር አይደለም።

በመጨረሻ ከትልልቅ ፋብሪካዎች ወርጄ በየመንደሩ ስለሚሠራው ልናገር። ነዳጅ በጠፋና በተወደደ ቁጥር «በውኃ የሚሄድ መኪና» እየተባለ የሚሸጠው ዕቃ፣ አይዝጌ ፕሌቶች በፕላስቲክ ማሰሮ ውስጥ ተደርድረው ከመኪናው ባትሪ ጋር የሚያያዙበት ነው። ነዳጅ አይቆጥብም፤ ኤሌክትሪኩን የሚያመነጨው ሞተሩ ስለሆነ ከሚሰጠው የሚወስደው ይበልጣል። ከዚያ የከፋው ግን ብረቱ ነው። ደረጃው 304ም ይሁን 316 ኤል፣ አይዝጌ የሚያሰኘው ክሮሚየሙ ነው፤ በአኖድ ላይ በአልካሊ ውስጥ ሲቀመጥ ያ ክሮሚየም ክሮሜት ሆኖ ይሟሟል፤ ፈሳሹም ቢጫ ይሆናል። ይህ ካንሰር የሚያስከትለው ሄክሳቫለንት ክሮሚየም ነው። ሠሪዎቹ ፈሳሹን ሲቀይሩ ቦይ ውስጥ ወይም ግቢ ውስጥ ይደፉታል። ቢጫ የሆነ ፈሳሽ ያለበት ሰው በባዶ እጁ አይንካው፤ አሲድ እየጨመረ ላዳክመው አይበል፤ ከተከማቸ አልካሊ ጋር አሲድ ሲገናኝ ፈልቶ ይረጫል። በወፍራም ፕላስቲክ ጀሪካን ከድኖ፣ «ክሮሜት፣ መርዝ» ብሎ ጽፎበት ማስቀመጥና የኬሚካል ቆሻሻ ማከም ለሚችል ላቦራቶሪ ማስረከብ ነው። እዚያ አሲድነቱ ተመጥኖ በሶዲየም ሜታባይሰልፋይት ወደ ትራይቫለንት ክሮሚየም ይወርዳል፤ ቀጥሎ ፒኤቹ ወደ 8 ወይም 9 ከፍ ተደርጎ አረንጓዴ ዝቃጭ ሆኖ ይጣራል። ማሰሮውን ደግመው መጠቀም የሚፈልጉ አኖዱን በኒኬል ይተኩት፤ ከማሰሮው የሚወጣውን የሃይድሮጅንና የኦክስጅን ድብልቅ ግን ዕቃ ውስጥ አያጠራቅሙ።

ከአክብሮት ጋር
በብረት ዝገት መከላከል ሥራ ላይ የሚገኝ መሐንዲስ
አዲስ አበባ